ትእዛዙ ሳይታወቅ ሲቀር፦ በቤት ኮምፒዩተር ላይ የጠፋን መሣሪያ ስለ መፈለግ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ኮምፒዩተር ከመሥሪያ ቤት አልፎ በየመኖሪያ ቤቱ ከገባ ወዲህ፣ ፕሮግራም መጻፍን በራሱ ጥረት ለመማር የሚነሣው ሰው ቍጥር እየበዛ ሄዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ከዚያ በፊት ስለ ኮድ ሰምቶ የማያውቀውን ወጣት ሁሉ ወደዚህ ትምህርት ጋብዞታል። ይህ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው እንቅፋት ግን ከሒሳብ ክብደት ወይም ከፕሮግራም ቋንቋ ረቂቅነት የሚመነጭ አይደለም። መጫኛውን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ሥራው በሚገባ መፈጸሙን የሚገልጽ መልእክት ያነባል፤ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ መምህሩ እንዳሳየው የመሣሪያውን ስም ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም «ይህን ስም አላውቀውም» ሲል ይመልስለታል። የዚህ ንግግር ርእስ ይህች አንዲት መልስ ናት።

ጉዳዩ ለነባር ባለሞያ እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። የሚያስከትለው ጉዳት ግን ትንሽ አይደለም። ተማሪው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይቆጥርና «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ትምህርቱን ይተወዋል፤ አለዚያም ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ ችግሩን መርምሮ የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ፣ ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጫንለታል። በዚህ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍና የዓመታት ማስታወሻ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ መሣሪያው መጀመሪያውኑ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ የነበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅና በሥርዓት መመርመር፣ ከዚያም ይህን ዕውቀት ለጀማሪው በሚገባው ቋንቋ ማድረስ የሞያው ኀላፊነት ይሆናል።

መልእክቱ የሚለውና የማይለው

የምርመራ መጀመሪያ መልእክቱን በትክክል ማንበብ ነው። ይህ መልእክት በየዘመኑና በየሥርዓቱ በተለያየ አነጋገር ሲጻፍ ኖሯል። በቀድሞው ዶስ የሚታየው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «መጥፎ ትእዛዝ ወይም መጥፎ የፋይል ስም» የሚል ነበር። የዛሬው ዊንዶውስ በበኩሉ የተጻፈውን ስም ጠቅሶ «እንደ ውስጣዊ ወይም ውጫዊ ትእዛዝ፣ ሊሠራ እንደሚችል ፕሮግራም ወይም እንደ ባች ፋይል አልታወቀም» ይላል። በዩኒክስና ከእርሱ በተወለዱት በሊኑክስና በማክ ላይ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ «ትእዛዙ አልተገኘም» ይላል።

ሦስቱ አነጋገሮች አንድን ነገር ለመግለጽ የቀረቡ ቢሆኑም በአንባቢው ላይ የሚያሳድሩት ስሜት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ይፈርዳል፤ ጸሐፊው መጥፎ ነገር እንደ ሠራ ያስመስላል። ሁለተኛው ያርቃል፤ መሣሪያውን ባዕድ ያደርገዋል። ሦስተኛው ግን የሆነውን ብቻ ይናገራል፤ ተፈለገ፣ አልተገኘም። ለእውነቱ የሚቀርበውም ይኸው ሦስተኛው ነው። ኮምፒዩተሩ በታዘዘው ቦታ ሁሉ ፈልጎ ያንን ስም የያዘ ፋይል አላገኘም። መሣሪያው የለም አላለም፤ ተበላሽቷልም አላለም፤ ጸሐፊው አጥፍቷልም አላለም። «የት ነው የፈለገው?» የሚለው ጥያቄ ከተነሣ መፍትሔው ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

የካዛንቺስ ምሳሌ

ይህን ነገር ለአዲስ አበባ ሰው ለማስረዳት ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ከካዛንቺስ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

አስቀድሞ ስሙን መመልከት ይጠቅማል። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራው የጣልያን ድርጅት በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የሚለው አጠራር በአዲስ አበቤው አፍ ሲመላለስ ተዋሕዶ «ካዛንቺስ» ሆነ። እስከ ዛሬም አንዱ «ካዛንቺስ»፣ ሌላው «ካሳንቺስ» ብሎ ይጽፈዋል። የታክሲ ረዳት ሁለቱንም ሰምቶ ተሳፋሪውን ያለ ስሕተት ያደርሰዋል፤ ሰው ከድምፅና ከሁኔታ ተነሥቶ የታሰበውን ይረዳልና። ኮምፒዩተር ግን ይህ ጸጋ የለውም። ስሙን የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል ነው፤ አንዲት ፊደል ብትጎድል ወይም ብትለወጥ ለእርሱ ሌላ ስም ነው። በሊኑክስ ላይማ በላቲን ፊደል ትልቁንና ትንሹን ማለዋወጥ እንኳ ስሙን ሌላ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው አድራሻ ነው። በአዲስ አበባ ቤት የሚገኘው በመንገድ ስምና በቤት ቍጥር ብቻ አይደለም። ወደ ካዛንቺስ የሚመጣ እንግዳ «ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ከፍ ብሎ» ወይም «ከኢሲኤ ጀርባ» እየተባለ ይመራ ነበር። አሁን አንድ ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ ተላከ እንበል። የተሰጠው የሰውዬው ስም ብቻ ነው፤ በኪሱ ግን ደብዳቤ በመጣ ቍጥር በተራ የሚጠይቅባቸው የአሥር ግቢዎች ዝርዝር አለ። ተላላኪው ከመጀመሪያው ግቢ ጀምሮ ይጠይቃል፤ ስሙን የያዘ ሰው ባገኘበት በመጀመሪያው ግቢ ደብዳቤውን ሰጥቶ ይመለሳል። በአሥሩም ካላገኘ «እንዲህ የሚባል ሰው አልተገኘም» ብሎ ይመለሳል። ባለ ደብዳቤው ከአሥረኛው ግቢ ቀጥሎ ባለው በአሥራ አንደኛው ቢኖርም እንኳ ተላላኪው አጥሩን ተሻግሮ አይጠይቅም፤ በዝርዝሩ አልተጻፈምና።

በኮምፒዩተር ውስጥ ይህ የግቢዎች ዝርዝር «ፓዝ» ይባላል፤ ትርጕሙም መንገድ ማለት ነው። የፎልደሮች አድራሻ በተርታ የተጻፈበት አንድ መስመር ነው። በዊንዶውስ አድራሻዎቹ በላቲኑ ነጠላ ሠረዝ ከነነጥቡ፣ በሊኑክስና በማክ ደግሞ በሁለት ነጥብ ይለያያሉ። አዲስ መሣሪያ ሲጫን በዲስኩ ላይ የራሱን ግቢ ይሠራል። መጫኛው ያንን ግቢ በተላላኪው ዝርዝር ካላስመዘገበ ግን መሣሪያው ቤቱ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዝርዝሩ ሲያረጅ የሚሆነውንም ካዛንቺስ በቅርብ ጊዜ አሳይታለች። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት ምክንያት የሰፈሩ ነባር ቤቶች በብዛት ሲፈርሱና ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ክፍሎች ሲዛወሩ፣ በየሰው ማስታወሻ ደብተር ተጽፎ የነበረው አቅጣጫ ሁሉ ዋጋውን አጣ። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ምልክት ሆኖ ያገለግል የነበረው ግንብ ግን የለም። በየቤቱ ያለ ኮምፒዩተርም በመጠኑ ይህን ይመስላል። የድሮው ሥሪት ተነሥቶ አዲሱ በሌላ ፎልደር ሲጫን፣ ፓዙ ዛሬም የፈረሰውን ግቢ እየጠቆመ ይቀራል።

ከፓዲስ ዘመን እስከ ዛሬ

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ለአካባቢውም እንግዳ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ በሆነው በዚሁ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ የተባለውን የመላው አፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት አቋቁሞ ነበር። በናንሲ ሃፍኪን አስተባባሪነት ይሠራ የነበረው ይኸው ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፊዶኔት በተባለው ሥርዓት፣ በስልክ መስመርና በሞደም፣ የኤሌክትሮኒክ መልእክት አገልግሎትን በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለማስፋፋት ረድቷል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ ስለ ነበር፣ ከዚያ በፊት በከተማዪቱ በኮምፒዩተር መልእክት የሚላላከው ሰው ሥራውን የሚያከናውነው ባብዛኛው በዶስ ትእዛዝ ነበር።

የፓዝ አሳብ ራሱ ከዚያ የቀደመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ቤል ላቦራቶሪ ባወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም፣ ስቲቨን ቦርን የሠራው ሼል ትእዛዝን በፓዝ ዝርዝር እየፈለገ ያስኬድ ነበር። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው በሁለተኛው የዶስ እትም ፎልደር በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥን ሲፈቅድ ፓዝን አብሮ አመጣ። ይህም የግድ ነበር። ፋይል ሁሉ በአንድ ፍሎፒ ላይ ያለ ከፋፋይ በተቀመጠበት ጊዜ የሚጠፋ አድራሻ አልነበረም፤ ቤቶች በየግቢው ሲከፋፈሉ ግን ዝርዝር አስፈለገ። በዚያ ዘመን የሠሩ ባልደረቦች ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚነበበውን «ኦቶኤግዜክ» የተባለ ፋይል ከፍተው የፓዝን መስመር በእጃቸው ያስተካክሉ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። የዛሬው ተማሪ የሚገጥመው ችግር ያው ነው፤ የተለወጠው የሚስተካከልበት መስኮት ብቻ ነው።

ፍለጋው የሚካሄድበት ሥርዓት

ስም ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገውን በቅደም ተከተል ማወቅ ግምትን ያስቀራል።

በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ስሙ በመጀመሪያ የሚነጻጸረው ከውስጣዊ ትእዛዞች ጋር ነው። ፋይሎችን የሚዘረዝረው «ዲር»ና ፎልደር የሚለውጠው «ሲዲ» የመስኮቱ አካል ስለ ሆኑ ከዲስክ አይፈለጉም። ቀጥሎ ጸሐፊው በዚያች ሰዓት ያለበት ፎልደር ይታያል። ከዚያ በኋላ በፓዝ የተመዘገቡት ፎልደሮች በተራቸው ይጠየቃሉ። ስሙ ያለ ቅጥያ ከተጻፈ፣ ኮምፒዩተሩ በየፎልደሩ «ኮም»፣ «ኤክስኢ»፣ «ባት»፣ «ሲኤምዲ» የሚሉትንና ሌሎች የተመዘገቡ ቅጥያዎችን በተራ እየጨመረ ይሞክራል።

ፓወርሼል የተባለው አዲሱ መስኮት በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያል። ጸሐፊው ያለበትን ፎልደር በራሱ ፈቃድ አይመለከትም፤ ነጥብና ጭረት አስቀድሞ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ከዓይን ፊት እያለ «አልታወቀም» ይላል። ዩኒክስ፣ ሊኑክስና ማክም እንዲሁ ናቸው። ይህ ጥበቃ ነው። በአንድ ፎልደር ውስጥ የተንኮል ፕሮግራም በታወቀ ትእዛዝ ስም ተደብቆ ቢገኝ ሳይታሰብ እንዳይነሣ ይከላከላል።

ሁለት የፓዝ ዝርዝሮች መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። በዊንዶውስ አንዱ የኮምፒዩተሩ፣ ሌላው የተጠቃሚው ነው፤ ሁለቱ ሲቀጣጠሉ የኮምፒዩተሩ ይቀድማል። አንድ ሰው በራሱ መዝገብ ያስገባው አዲስ ሥሪት ሳይነሣ አሮጌው የሚነሣበት ጊዜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሥርዓት የሚከተለው የምርመራ ተራ ይወጣል። ተራው የተመሠረተው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ምንም ከማይለውጠው ወደሚለውጠው በመሄድ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ስሙ ይመርመር። የፊደል ግድፈት አለመኖሩ፣ መሣሪያውም በዚህ ሥርዓት ላይ በዚያ ስም መጠራቱ ይረጋገጥ። በኡቡንቱ ሊኑክስ ፓይቶንን በስሙ ብቻ የጠራ ሰው «አልተገኘም» ይባላል፤ ስሙ ላይ 3 ቍጥር ሲጨምር ግን ይነሣለታል። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2022 አሮጌውን ፓይቶን ከማክ ስላወጣ፣ የቀድሞ መማሪያ መጽሐፍ የሚከተል ተማሪ በዚያም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። በዊንዶውስ ላይ ረጅሙ ስም እምቢ ሲል «ፒዋይ» የተባለው አጭር አስጀማሪ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም መሣሪያው መጫኑን በእርግጥ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፣ መስኮቱ ተዘግቶ እንደገና ይከፈት። አንድ ፕሮግራም ሲነሣ የፓዙን ቅጂ ካስነሣው ፕሮግራም ይወርሳል፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ለውጥ አይደርሰውም። ስለዚህ መሣሪያው ከመጫኑ በፊት ተከፍቶ የነበረ መስኮት አዲሱን አድራሻ አያውቅም። ተርሚናሉ በኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ተርሚናሉን ብቻ መዝጋት አይበቃም፤ የወረሰው ከመጻፊያው ነውና መጻፊያው ራሱ ተዘግቶ መከፈት አለበት። ይህች አንዲት እርምጃ ብቻዋን ብዙ ሰው ከጥገና ቤት ደጅ ትመልሳለች።

ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ይጠየቅ። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት «ዌር» የሚለው ትእዛዝ ከመሣሪያው ስም ጋር ሲጻፍ፣ ስሙ በፓዝ ውስጥ የት የት እንደ ተገኘ ሙሉ አድራሻውን ይነግራል። በፓወርሼል ግን ይኸው ቃል ለሌላ ሥራ ስለ ተያዘ ቅጥያው አብሮ መጻፍ አለበት፤ ይህን የማያውቅ ሰው ባዶ መልስ አይቶ መሣሪያው እንደሌለ ይደመድማል። በሊኑክስና በማክ «ዊች» ወይም «ታይፕ» ያገለግላሉ። ከአንድ በላይ አድራሻ ከመጣ በላይኛው መስመር ያለው ነው የሚነሣው።

አራተኛ፣ መሣሪያው በዲስኩ ላይ ይፈለግ። ፋይሉ ከተገኘ በሙሉ አድራሻው ይጠራ። በሙሉ አድራሻው ከሠራ ነገሩ ተቈርጧል፤ መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ምዝገባ ነው። ካልተገኘ የመጫን ሥራው አልተፈጸመም፤ ወይም ጸረ ቫይረሱ ወስዶታል፤ ወይም የወረደው መጫኛው ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ፎልደሩ በፓዝ ይመዝገብ። ይህም በዊንዶውስ «የአካባቢ ተለዋዋጮች» በሚባለው መስኮት በተጠቃሚው መዝገብ ላይ አንድ መስመር በመጨመር የሚፈጸም ነው። የሚመዘገበው ፎልደሩ እንጂ ፋይሉ አይደለም፤ ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የፓይቶን መጫኛ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን ምዝገባ የሚፈጽም ትንሽ ሣጥን አለ፤ ተጠቃሚው ምልክት ካላደረገበት ባዶ እንደ ሆነ ያልፋል። መጫኛውን እንደገና ከፍቶ ያንን ምልክት ማድረግም አንዱ መፍትሔ ነው።

ስድስተኛ፣ ቀድሞ የቆመ እንግዳ እንዳለ ይታይ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ እትሞች ፓይቶን ሳይጫን ስሙ ቢጻፍ የማይክሮሶፍት መደብር የሚከፈትበት አጋጣሚ አለ፤ በዚያ ስም የተቀመጠ ምትክ አለና። እውነተኛው ከተጫነ በኋላም ምትኩ በተራው ከቀደመ በቅንብር ውስጥ መዝጋት ያስፈልጋል። በማክም እንዲሁ፣ ሆምብሩ የተባለው ጫኝ በአፕል ሠራሽ ቺፕ ላይ የሚጠቀምበት ፎልደር በኢንቴል ላይ ከነበረው የተለየ ስለ ሆነ፣ ከአሮጌ ማክ የተገለበጠ ቅንብር የፈረሰ ግቢ ይጠቁማል።

በሊኑክስ ዓለም ለባለሞያ የሚጠቅም አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። ትእዛዙ ፈጽሞ ካልተገኘ የመውጫ ቍጥሩ 127 ነው፤ ተገኝቶ ግን ለመነሣት ፈቃድ ከሌለው 126 ይሆናል። ሁለቱን መለየት የማይገባን በር ከማንኳኳት ያድናል።

የግዕዝ ፊደል ያመጣው ልዩ ጉዳይ

እስካሁን የተነገረው ለየትኛውም አገር ሰው የሚሠራ ነው። የኢትዮጵያ ተጠቃሚ ግን በሌላ ቋንቋ በተጻፉ መመሪያዎች የማያገኛቸው ችግሮች አሉበት።

የመጀመሪያው የቁልፍ ሰሌዳው ነው። ተማሪው ለጓደኛው በአማርኛ መልእክት ጽፎ ወደ ተርሚናሉ ሲመለስ ሰሌዳው በአማርኛ እንደ ሆነ ይቀራል። የተርሚናሉ የፊደል ቅርጽ የግዕዝን ፊደል የማያሳይ ከሆነ የሚታየው ባዶ ሣጥን ብቻ ነው፤ ተማሪው ኮምፒዩተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ከዚህ የሚረቀው ደግሞ ሥርዓተ ነጥብ ነው። በፓዝ መስመር አድራሻዎችን የሚለየው የላቲኑ ምልክት ሲሆን፣ በእርሱ ፋንታ የአማርኛው ድርብ ሠረዝ ከገባ ለዓይን የተለየ ነገር ላይታይ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለቱን አድራሻዎች እንደ አንድ ረጅም ስም ያነባቸዋል። ከጽሕፈት ፕሮግራም የተገለበጠ ትእዛዝም ሁለቱ አጫጭር ሰረዞች ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ተለውጠውበት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የተጠረጠረን መስመር በእጅ እንደገና መጻፍ ከማሰላሰል ይቀድማል።

ሁለተኛው የተጠቃሚው ስም ነው። ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ስሙን በግዕዝ ፊደል የጻፈ ሰው የግል ፎልደሩም በዚያው ስም ሊሠራለት ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 ምልክቶችን ይዞ ስለ ገባ፣ ዩኒኮድን የሚከተሉ ፕሮግራሞች ይህን ስም ያለ ችግር ያነባሉ። ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር ግን ዊንዶውስ ለአማርኛ የመደበው የኮድ ገጽ የለም። ስለዚህ በዚያ አሠራር የተሠራ አሮጌ መሣሪያ ስሙን ሲያነብ በየፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ነው። መሣሪያው ተጭኖ፣ ፓዙም ተመዝግቦ፣ ሥራው የሚከሽፍበት ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው። መፍትሔው መሣሪያዎችን ከግል ፎልደር ውጭ፣ በዲስኩ ሥር በላቲን ስም በተሰየመ ፎልደር ማስቀመጥ ነው። ይህን ማለት ግን ስምን በራስ ፊደል መጻፍ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ጉድለቱ የመሣሪያው ነው፤ ተማሪውም ይህንኑ ሊያውቅ ይገባል።

መድኃኒት መስለው የሚጎዱ

ከበሽታው ይልቅ የሚያስፈሩ መድኃኒቶችም አሉ። ዲስኩን ፎርማት ማድረግ የመጀመሪያው ነው፤ በአንድ መስመር ጉድለት ምክንያት ቤት እንደ ማፍረስ ይቆጠራል። ሁለተኛው የመሣሪያውን ፋይል አንሥቶ ወደ ዊንዶውስ የራሱ ፎልደር መገልበጥ ነው። ፋይሉ አብረውት የሚሠሩትን ትቶ ብቻውን ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ቢሠራም ሥሪቱ ሲለወጥ አሮጌው ቀድሞ ይነሣል። ሦስተኛው ፓዝን «ሴትኤክስ» በተባለው ትእዛዝ መለወጥ ነው። ይህ ትእዛዝ ከ1024 ፊደል የሚበልጠውን ይቈርጣል፤ ፓዙ ረጅም ከሆነ ጅራቱ ይጠፋል፤ እስከዚያች ሰዓት ይሠሩ የነበሩ ሌሎች መሣሪያዎችም በአንድ ጊዜ «አልታወቁም» ይባላሉ። አራተኛው ትርጕሙ የማይታወቅ ትእዛዝ ከማያውቁት ሰው ተቀብሎ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ነው። ይህ በር ከፍቶ ከመስጠት አይለይም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነገር አለ። የፓዙ መስመር እንዳለ ተገልብጦ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። የተሳሳተ ሰው የሚመለስበት ቦታ ይኖረዋል።

የባለሞያው ድርሻ

ለቀረበለት ችግር ባለሞያ ሁለት ዐይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ቁልፉን ከተማሪው እጅ ወስዶ፣ በአምስት ደቂቃ አስተካክሎ «ይኸው፣ ሠራ» ማለት ነው። ሁለተኛው ተማሪው ራሱ «ዌር» ብሎ እንዲጠይቅ፣ መልሱን እንዲያነብ፣ ምን እንደ ጎደለም በቃሉ እንዲናገር መታገሥ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያው መንገድ የተረዳ ተማሪ ግን ነገ ሌላ መሣሪያ ሲጭን ተመልሶ ይመጣል፤ በሁለተኛው የተረዳው ጎረቤቱን ያስተምራል። ጥገና ቤት የሚሠሩ ወጣቶችም ከዚህ ትምህርት ውጭ መሆን የለባቸውም። ፎርማት የሚያደርጉት ከክፋት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተማሩት መፍትሔ እርሱ ብቻ ስለ ሆነና ደንበኛው ቆሞ ስለሚጠብቃቸው ነው።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ተማሪው የሚያነበው መልእክት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከቃሉ ይልቅ አስፈሪነቱ ቀድሞ ይደርሰዋል። ሞያው ለእነዚህ ጥቂት መልእክቶች የታወቀ፣ አጭርና ፍርድ የሌለበት የአማርኛ አቻ ሊያበጅላቸው ይገባል። ለዚህኛው «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚለው በቂ ነው፤ ሲቻልም «በተመዘገቡት ፎልደሮች» የሚለው ቢጨመርበት መልእክቱ ራሱ መንገድ ይመራል። በየትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘሩትን ስድስት እርምጃዎች የያዘ አንድ ገጽ ማዘጋጀትም ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም። ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው፤ የሚያተርፈው ግን የተማሪ ተስፋና ተመልሶ የማይገኝ ፋይል ነው።

በመጨረሻም፣ ማሽኑ «አላውቀውም» ሲል የተናገረው ስለ ዝርዝሩ እንጂ ስለ ሰውዬው እንዳልሆነ ለጀማሪ ማስረዳት የሚከብድ ነገር አይደለም። በዝርዝር ያልተጻፈ አድራሻ ይጻፋል፤ የፈረሰው ይሰረዛል፤ የተዛወረው ባለበት ይፈለጋል። ይህን የተረዳ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ መልእክቱን ሲያይ መስኮቱን አይዘጋም፤ የት የት እንደ ተፈለገ ይጠይቃል። ሞያውን የጀመረውም ያን ጊዜ ነው።